ማናልሞሽ ኃይለጊዮርጊስና የሰባት መሻገሪያው ቀዛፊ

ማናልሞሽ ኃይለጊዮርጊስ እንግሊዝኛ የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ ከጎጃም ተነስተው ጌጫ ድረስ በመምህርነት የመጡ፣ መጥተውም እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ያስነብቧታል። የማታውቀው ቃል ሲገጥማት፣ ዝም ብለሽ አትዝለዪው፣ ፊትና ኋላውን አይተሽ ገምቺው ይሏት ነበር። በዚህ ምክር ብዙ ተጠቅማለች። አንድ ጊዜ ግን ጉድ ሠርቷታል።

ካደገች በኋላ ቴፒ በሚገኝ የቡና እርሻ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስትጽፍ ኖረች። ትዳር ይዛ ነበር፤ አልሰመረላትም። በአርባ ዓመቷ ዕቃዋን ሸክፋ ሚዛን ተፈሪ ገባችና መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ቤት ተከራየች። ከፊት ለፊት ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። ከመጋረጃው በስተጀርባ ደግሞ አምስት ኮምፒውተሮች ደርድራ ኢንተርኔት ታስጠቅማለች። እንግሊዝኛዋ በከተማው የታወቀ ስለነበር የመድኃኒት ወረቀት የያዘውም፣ ከውጭ አገር ደብዳቤ የመጣለትም ወደ እሷ ነበር የሚሄደው። ማናልሞሽ ካነበበችው አለቀ፤ ማንም ደግሞ ሌላ ሰው አይጠይቅም ነበር።

ከደንበኞቿ አንዱ ባየ የሚባል የባጃጅ ሾፌር ነበር። ሠላሳዎቹን የተሻገረ፣ ሸኮ መንገድ ላይ ቡና ከሚያለሙ ቤተሰቦች የተወለደ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሚዛን ዝናብ ሲይዝ እንዲህ በዋዛ አይለቅም፤ ተሳፋሪም ከየቤቱ አይወጣም። ያን ጊዜ ባየ ባጃጁን በራፏ ላይ ያቆምና ገብቶ «ሰባት መሻገሪያ» የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ይጫወታል። ጨዋታውን ያስተማረችው ሐያት ናት። ሐያት ከመንገዱ ማዶ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ የምትጠብቅ፣ ጣቷ እንደ ስፌት መኪና የፈጠነ ወጣት ነበረች።

በጨዋታው ውስጥ ከጦርነት የሚሸሹ ሰዎች አሉ። ተጫዋቹ ጀልባ እየሠራ፣ ሽፍታ እየመከተ፣ እነዚያን ሰዎች ሰባት ወንዝ ያሻግራል። በየመሃሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ብቅ ይላል። ባየና ሐያት ጽሑፉን ሳያነቡ ነበር የሚያልፉት። አንድ ቀን ግን ባየ፣ «እትዬ፣ ይኼ ሽማግሌ ሁልጊዜ ምን እያለ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ማናልሞሽ መነጽሯን አድርጋ መጣችና አነበበችላቸው። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አንስተው ይጠብቋታል። «ደብዳቤ መጣ» ይሏታል፤ እሷም የጀመረችውን ማመልከቻ ትታ ትመጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታነብላቸው።

ሽማግሌው ኤልሞን የሚባል ቀዛፊ ነበር። ደሃ ነው፣ ነጭናጫ ነው፤ የተጠጋውን ሰው ግን ሳያሻግር አያድርም። አምስተኛው መሻገሪያ ላይ ጠላት ሲደርስባቸው የጀልባውን ገመድ በገዛ እጁ ቆርጦ፣ ጠላትን ከወዲያኛው ዳር አስቀርቶ፣ እዚያው ሞተ። የሞተ ዕለት ሐያት በሻርፗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ባየ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ባጃጁ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም «ተሻጋሪ ካለ ቀዛፊ አያርፍም» የሚል ጽሑፍ ታየ። ይህ፣ ማናልሞሽ እንዳነበበችላቸው፣ የኤልሞን የመጨረሻ ቃል ነበር።

ይህ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ነው። በግንቦት መጨረሻ ደግሞ ለብሔራዊ ፈተናው ተብሎ በአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ተዘጋ። ማናልሞሽ እነዚያን ቀናት ማመልከቻ ስትጽፍና የኮምፒውተሮቹን አቧራ ስታራግፍ ሰነበተች። መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ባየ ነው፤ ሐያትም ሱቁን ለአባቷ ትታ ተከተለችው።

ጨዋታው ቀስ እያለ ተከፈተ። አዲስ ሥዕል መጣ፣ ከሥሩም ረጅም ደብዳቤ። ማናልሞሽ ለራሷ አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ምን ይላል?» አለ ባየ።

«ኤልሞን አልሞተም ይላል።»

ባየ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ላይ የታየውን ደስታ አይታ ማናልሞሽ የቀረውን ለማንበብ ፈራች፤ ቢሆንም አነበበች። ኤልሞን ገመዱን የቆረጠው ለጠላት አድሮ ነው። ከወዲያኛው ዳር የቀሩት ጠላቶች አልነበሩም፤ ያልተሻገሩ እናቶችና ልጆች ነበሩ። እሱም ዛሬ የጠላት አለቃ ሆኗል፤ ተጫዋቾች ሁሉ ፈልገው እንዲገድሉት ታዘዋል።

ባየ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ያኔ ሞተ ብለው ነው ያነበቡልን» አላት።

«እንደዚያ ነበር የሚለው፤ ሞቷል ነበር የሚለው» አለች ማናልሞሽ።

ሐያት ምናልባት ከሞት ተነስቶ ይሆናል አለች። ባየ ግን፣ የሞተ ሰው ቢነሳ እንኳ ትናንት ያዳናቸውን ሰዎች ዛሬ እንዴት አላዳናቸውም ይባላል ብሎ ጠየቀ። ማናልሞሽን በቀጥታ አልወቀሳትም፤ ሲወጣ ግን እንደ ወትሮው ደህና ይዋሉ አላላትም።

ጨዋታው ውስጥ ያለፉ ደብዳቤዎች የሚቀመጡበት ገጽ ነበረ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ማናልሞሽ ያንን ከፍታ የኤልሞንን ሞት ፈለገች። ቀኑ አለ፣ የወንዙ ሥዕል አለ፣ ገመዱም አለ። ቃሉ ግን ሌላ ነው፤ አዲሱ ታሪክ በአሮጌው ቀን ተጽፎ ተቀምጧል። መነጽሯን ወልውላ ደግማ ብታይ ያው ነው። ይኼኔ አባቷ ትዝ አሏት። በመጨረሻ ዕድሜያቸው ጌጫን ጎጃም ነው ይሉ ነበር፤ ያልሆነውን ነገር ምለው ተገዝተው ሆኗል ይሉ ነበር። እኔንም ጀመረኝ ይሆን አለች በልቧ። ራሷን ልትፈትን ጣሳው ውስጥ ስንት ስኳር እንደቀረ ሳታይ አስባ፣ ከፍታ አረጋገጠች። ልክ ነበረች። ያም ቢሆን አላጽናናትም።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። ባጃጅ ተራ ላይ፣ ማናልሞሽ ያልገባትን ከራሷ እየጨመረች ነው የምታነበው ተባለ። ታምሩ የሚባል የቡና ነጋዴ፣ እሷ ወደ አማርኛ የመለሰችለትን ውል ይዞ ኮሌጅ ለሚያስተምረው ሲሞን ወሰደው። ሲሞን የቤንች ሰው ነው፤ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። አይቶ፣ አንድም ቃል አልተሳሳተም አለ። ነገሩ ግን ስለከነከነው በማግስቱ ራሱ ወደ ማናልሞሽ ቤት መጣና ምን እንደተፈጠረ ጠየቃት። ነገረችው። ጠያቂ ብታገኝ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ አባቷም፣ ስለ ስኳሩም።

ሲሞን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና፣ «ጽሑፉ ያለው እዚህ አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች ዘንድ ነው። እነሱ ሲቀይሩት ሁሉም ጋ ይቀየራል» አላት።

«ያለፈውንም? አንብቤ የጨረስኩትንም?»

«አንብበው የጨረሱትንም።»

ማናልሞሽ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወሰደባት። መጽሐፍ አንብበህ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣለህ፤ በማግስቱ ስትከፍተው ሌላ ሰው ገብቶ መጨረሻውን ፍቆት ይቆይሃል ማለት ነው? እንደዚያ ነው አላት ሲሞን፤ ሕግም አይከለክላቸውም። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች የሚወያዩበትን ገጽ አገኘላት። ማናልሞሽ ስታነብ አፏን ያዘች። ከብራዚል፣ ከፖላንድ፣ ከሕንድ፣ ስሙን ሰምታው ከማታውቀው አገር ሁሉ ሰው ተቆጥቷል። አንዷ ነርስ ለውሻዋ ኤልሞን የሚል ስም አውጥታ አሁን ምን ብላ እንደምትጠራው ግራ ገብቷታል። አንዱ ኤልሞንን አልገድልም ብሎ ስድስት ቀን ያንኑ የወንዝ ዳር ሳይለቅ ቆሟል።

ባየንና ሐያትን አስጠርታ አነበበችላቸው። ባየ ራሱን ደፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና ይቅርታ ጠየቃት። በማግስቱም ከሸኮ አንድ እጅ ሙዝ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። የባጃጅ ተራው ወሬም በዚያው ቆመ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ማናልሞሽ ግን ያንን ገጽ ማንበብ አልተወችም። ከተቆጡት አንዱ የድሮውን ደብዳቤ ሳይጠፋ ቀድቶ አስቀምጦት ኖሮ፣ በሦስተኛው ቀን አገኘችው። ሞቱ አለ፤ ጠላትም ከወዲያኛው ዳር ቀርቷል። ልቧ አረፈ። ወረድ ብላ የመጨረሻውን ቃል ስታነብ ግን ቆመች። ኤልሞን የሚናገረው የመርከበኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ያኔም አልገባትም ነበርና ፊትና ኋላውን አይታ ገምታ ነበር ያለፈችው። አሁን ከሥሩ ሰዎች ፈትተው ጽፈውታል። ሽማግሌው ያለው፣ በቃኝ፣ ክንዴ ዝሏል፣ ከእንግዲህ ሌላው ይቅዘፍ ነው።

ያንን ቀን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አበላሸች። ታሪኩን የለወጡት ሰዎች ላይ ስትበሳጭ ሰንብታ፣ እሷም ለውጣዋለች። ደግሞስ ክንዴ ዝሏል ያለ ሰው ነገ ለጠላት ቢያድር ያን ያህል ይገርማል? ወይስ አይገናኝም? አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ዝም ልትል አሰበች፤ ማንም አያውቅባትም። ይሁንና ባየ ባጃጁን አቁሞ ሲገባ ስታየው ዝም ማለት አቃታት።

ነገረችው። ባየ የቆየ ቁስሉን እንደሚነካ ሰው ግንባሩን ዳበሰ።

«ሁለቴ ባጃጁን ሸጬ ልገላገል ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሁለቴም ያ ቃል ነው የመለሰኝ። ታዲያ ማን ነው ያለው?»

«እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች ማናልሞሽ። «እኔም ግን እሱ ያለው መስሎኝ ነው።»

ባየ ተናዶ እንደሆነ፣ አዝኖ እንደሆነ አልታወቃትም። እሱም ያወቀው አይመስልም። ለጨዋታው ሠሪዎች ደብዳቤ ይጻፍልኝ አላት። ሐያትም ስሟ እንዲገባ ፈለገች። ማናልሞሽ በምታውቀው መንገድ፣ ጉዳዩ የቀዛፊ ኤልሞንን ታሪክ ይመለከታል ብላ ጀምራ፣ የድሮው ታሪክ እንዲመለስ በአክብሮት እንጠይቃለን ብላ ጨርሳ፣ የሦስቱንም ስም ጽፋ ላከች። ደብዳቤዎ ደርሶናል የሚል ማሽን የጻፈው መልስ በደቂቃው መጣ። ሌላ መልስ አልመጣም።

በነሐሴ ግን ታሪኩ እንደገና ተለወጠ። የዓለሙ ጩኸት በዝቶባቸው ይሆናል። ማናልሞሽ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ ኤልሞን መንታ ወንድም ነበረው፤ አንደኛው ሞቷል፣ አንደኛው ከድቷል።

ሐያት ሳቀች። ባየ አልሳቀም። «ክንዴ ዝሏል ያለው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማናልሞሽ ወደ ላይ ወደ ታች ፈለገች፤ አላገኘችም። ጽሑፉ አይናገርም አለችው። ባየ ከዚያ ቀን በኋላ ጨዋታውን አልነካውም። ዝናብ ሲይዘው አሁንም ይመጣል፤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ የኳስ ወሬ ያነባል። ሐያት ግን ቀጠለች። ሱቅ ላይ ደንበኛ እንደምትሸኝ ሁሉ ሁለተኛውን ኤልሞን ያለ ብዙ ሐሳብ ገድላ ሰባተኛው መሻገሪያ ደረሰች።

ማናልሞሽም ትርጉም አልተወችም፤ የገመተችው ቃል ሲኖር ግን ይህ የእኔ ግምት ነው ብላ ትናገራለች። አንዳንዱ ደንበኛ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል።

በመስከረም፣ ሥራ በቀዘቀዘበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ማናልሞሽ በራሷ ስም ሰባት መሻገሪያን ከፈተች። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተጫውታው አታውቅም፤ ለሌሎች ነበር የምታነበው። አምስተኛው ወንዝ ድረስ ሄዳ በገዛ ዓይኗ ማየት አማራት። ኤልሞን ገና መጀመሪያው መሻገሪያ ላይ አገኛት፤ ነጭናጫ ነው፣ ጀልባው ያረጀ ነው። «ቅዘፊ» አላት። የትኛውን ቁልፍ እንደምትጫን አላወቀችም። ጀልባዋ ወንዙ መሃል ላይ መሽከርከር ጀመረች፤ ተሳፋሪዎቹም ዝም ብለው ያዩዋታል። የጠራቻት ሐያት ከመንገዱ ማዶ እስክትመጣ ድረስ ማናልሞሽ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች።