ባለቤቴ ያጸዳው ሸክላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በሠርግ ወራት፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ቤታችን ውስጥ ነው። የማልረሳበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው አክስቴ ናቸው፣ ሁለተኛው የባለቤቴ የአስማረ ሙያ። "ሙያ" ያልኩት እሱ ራሱ እንደዚያ ስለሚለው ነው።

አስማረ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ሥልጠና ከላከው ወዲህ ግን የሚችለው ጠፋ። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ ሳሎን አስቀመጠ፤ እኔም ዳንቴል ሠርቼ አለበስኩለት። ዳንቴሉን ገልጦ ኮምፒውተሩን መንካት የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ ዳንቴሉን ማጠብ የምችለው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ሥራ ተከፋፍለን እንኖራለን።

አክስቴን እታለም ነው የምላቸው። የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፣ የሚኖሩትም እብናት ነው። ወንድማቸው አያሌው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማሲንቆ መቺ ነበር። በጎረምሳነቱ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሸክላ አስቀርጾ ተመልሷል። ከዚያች ሸክላ በቀር ድምፁ የትም የለም።

እታለም ሸክላዋን በነጠላ ጠቅልለው፣ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፈው መጡ።

"ጆሮዬ እየደከመ ነው ልጄ" አሉኝ። "ጨርሶ ሳይደፈን የአያሌውን ድምፅ ልጥገበው። ይኸ ባልሽ ወደ ሲዲ ይገለብጣል አሉ።"

ማን እንዳላቸው መገመት አያስቸግርም። ራሱ ደውሎ ነግሯቸዋል።

የሸክላ ማጫወቻውን ከጎረቤታችን፣ ከአንድ ጡረተኛ መምህር በልመና አመጣን። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ግን አልተገኘም። ለባለሙያ ይኸ ምን አላት! አስማረ ማይክራፎኑን በሻሼ ወንበር ላይ አሰረና ከማጫወቻው ድምፅ ማጉያ ፊት ገተረው። ከዚያ አዋጅ ታወጀ። በር ተዘጋ፣ አውራ ዶሮው እንቅብ ተደፋበት፣ እኔም እንዳላስል ታዘዝኩ።

"እማማ፣ እስኪያልቅ ድረስ ቃል እንዳይተነፍሱ" አላቸው።

"እሽ ልጄ። እኔ ምን ቃል አለኝ።"

መርፌው ሲያርፍ ሸክላዋ እንደሚቆላ ገብስ ትንጣጣ ጀመር። ቀጥሎ ማሲንቆው፣ ከዚያም አያሌው መጣ። እኔ አጎቴን የማውቀው ከሸመገለ በኋላ ነው፤ ይኸ ግን የጎረምሳ ድምፅ ነበር። እታለም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ችግሩ የመጣው አያሌው ዘፈኑን አቁሞ ማሲንቆውን ብቻ ሲገዘግዝ ነው። በእኛ አገር አዝማሪ ዝም ብሎ ከመታ ግጥም ስጡኝ ማለቱ ነው፤ ሰጪው "ተቀበል" ይልና ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። እታለም ይህን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለጋቸውም። ብድግ አሉና፣

"ተቀበል ወንድሜ!
የጉናን ብርድማ በጋቢ ችያለሁ፣
ያንተን ዝምታ ግን በምን እችላለሁ?" አሉ።

አስማረ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ያወናጭፋል። መርፌውን እንዳያነሣው ሸክላዋ ትጫራለች ብሎ ፈራ። አያሌው ደግሞ ምን ያድርግ፣ ያኔ የዘፈነውን የራሱን ግጥም ቀጠለ።

"ስሰጥህ አትቀበልም እንዴ!" ብለው ተቆጡት እታለም። "ድሮም የኔን ግጥም ትንቅ ነበር!"

ከዚያ እልል አሉ፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ። አስማረ ብቻ "እማማ፣ ዝም ይበሉ እንጂ!" እያለ ይጮሃል።

ቅጂው ተበላሸ ተብሎ ተጣለና እንደ አዲስ ተቀረጸ። በሁለተኛው እታለም የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው እስከ መጨረሻው ቻሉት። በዚህ ቢበቃን መልካም ነበር፤ ግን ባለሙያ በቃኝ አያውቅም። አስማረ ድምፁን "ላጽዳው" አለ። ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም አለኝ ብሎ ቁልፍ ሲጫን ዋለና፣ የጸዳውን ባልጸዳው ላይ ደርቦ አስቀመጠው፤ ያልጸዳው በዚያው ጠፋ። ለምርቃት ደግሞ፣ ሸክላዋ ትንሽ ጎበጥ ብላ ስላያት፣ ፀሐይ ያቃናታል ብሎ ጓሮ ያለው ቆርቆሮ ላይ አሰጣት። እኔ በርበሬ የማሰጣበት ቆርቆሮ ነው።

ሲዲው ተከፈተ። የገብሱ ቆላ የለም። ማሲንቆውም የለም። አያሌው ብቻውን፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ሰው ይጣራል።

"ማሲንቆውስ?" አሉ እታለም። "የወንድሜን እጅ የት አደረግኸው?"

"እማማ፣ ኮምፒውተሩ ጫጫታ መስሎት ነው ያወጣው።"

"ይኸ ኮምፒውተር የማን አገር ሰው ነው?"

እንደገና እንቅረጽ ብለን ወደ ጓሮ ወጣን። ሸክላዋ ቆርቆሮው ላይ ጠርዟ ተነሥቶ ገበቴ መስላ ጠበቀችን። ሊጥ ይቦካባት እንደሆነ እንጂ መርፌ አይሄድባትም። ባሌን በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ አልዋሽም።

እታለም አልጮሁም። ሸክላዋን በዚያው ነጠላ መልሰው ጠቀለሏትና "እንግዲህ አያሌው ሁለተኛ ሞተ" አሉ። ከዚያ የእብናት አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቁኝ።

አስማረን ወደ ሳሎን ጎትቼ አስገባሁት።

"ያ የተበላሸው የት አለ? እታለም የተናገሩበት?"

"ጥዬዋለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"የት ጣልከው?"

"ሪሳይክል ቢን ውስጥ። የኮምፒውተር ቆሻሻ ቅርጫት ማለት ነው። ካልተደፋ አይጠፋም..." አለና ድንገት ቀና ብሎ አየኝ።

እኔ ቀድሜ ስቄ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ በቤታችን ቆሻሻ የምደፋው እኔ ነኝ። ይህ ሰው ቅርጫት ሊደፋ? ዳንቴሉን ገልጦ ከፈተው፤ የሥልጠናው ዘመን ጉድፍ ሁሉ እንዳለ ተከምሯል። አያሌውም ከነማሲንቆው፣ ከነእህቱ እዚያው ተቀምጧል።

እታለም ሲሰሙት ሸክላዋ ተንጣጣች፣ ማሲንቆው ተገዘገዘ፣ ቁጣቸውም እልልታቸውም ወጣ። የአስማረ ጩኸት ሲመጣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ይኸም አለበት!" አሉ። አስማረ ይህኛውን በሌላ ሲዲ ገለበጠላቸውና በነጠላው ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። አስማረ ዛሬ ሰው ሲጠይቀው "ለጥንቃቄ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው" ይላል። ይበል፤ ከባለሙያ ጋር አልከራከርም።

ዘንድሮ ለፋሲካ እታለም ሲዲውን ይዘው መጡ። ጆሯቸው እንደፈሩት ሆኗል፤ ጮኸንም አይሰሙንም። ስከፍትላቸው መዳፋቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፉና ንዝረቱን እየዳሰሱ ጠበቁ። አያሌው ዘፈኑን አቁሞ ማሲንቆውን ብቻ ሲገዘግዝ "ተቀበል ወንድሜ!" አሉ፤ ሲዲው ውስጥ ያሉት እታለምም እኩል ከእሳቸው ጋር አሉ።

የኮምፒውተሩን ቅርጫት እስከ ዛሬ አልደፋነውም። እሱ ሰንፎ፣ እኔ ፈርቼ።