የፋጡማ ካሮት

ሰመራ ላይ ባጃጃችን የፍየል በጠጥ በጆንያ ከጫነ ፒክአፕ አጠገብ ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን አንገቴን አሰገግኩ!

ልጅ ሆኜ ዱብቲ ስንኖር አያቴ ካሮታችንን ዩሪያ ብቻ አበሉት። ቅጠሉ ጉልበቴን አለፈ፤ ሥሩ ግን ጣት ብቻ አከለ። በዓመቱ ፍየል አርቢዋ ፋጡማ የከረመ በጠጥ በጆንያ አመጣችልን፤ አያቴም ዩሪያውን ቀንሰው ሁለቱንም ሰጡት።

"ዩሪያ ቅጠሉን ያስሮጠዋል፤ በጠጡ ሥሩን ያወፍረዋል። በይ፣ ቢስሚላህ ብለሽ ሳቢ!" አሉኝ።

ስስበው ተነቅሎ በጀርባዬ ጣለኝ። ክንዴን ያህላል! እየጮህኩ ከሁሉ ወደሚበልጠው ካሮት ስሮጥ አያቴ እጄን ያዙኝ።

"እሱ የፋጡማ ነው። ራሷ ትንቀለው።"

ፋጡማ ግን ዝናብ ተከትላ ከፍየሎቿ ጋር ሄዳ ነበር። እኛም ሳትመለስ ከዱብቲ ለቀቅን።

ፒክአፑ ተነሳ። ከኋላ፣ ጆንያዎቹ ላይ፣ አንዲት ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተቀምጣለች።

"ተከተለው!" አልኩት ባለባጃጁን።