የሳፒር ሠርግና ሶዲየም

አለፈች። ሰባ ስምንት አገኘች። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው።

ያለፈችው ታላቅ እኅቴ ማንተገብሽ ናት። በመዋዕለ ሕፃናት የሰው ልጅ አፍንጫ ስትጠርግ ኖራ፣ አሁን ነርስ ልሆን ብላ ተነሣች። ኮርሱ ውስጥ ለመግባት እዚህ እስራኤል የኬሚስትሪ ባግሩት፣ ማለት ማትሪኩ፣ ያስፈልጋል። አምና ወድቃለች። ዘንድሮ ካላለፈች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የጣላት ምን መሰላችሁ? ይሉኝታ።

ሄርዝል ጎዳና ባለው የማታ ትምህርት ቤት፣ አስተማሪዋ ዳፍና የጨው ውሃና የብር ናይትሬት ውሃ ቀላቀለች። ሁለቱም ጥርት ያሉ ነበሩ፤ ሲገናኙ እንደ እርጎ ነጭ ነገር ወደ ታች ወረደ። ዝቃጭ ይሉታል። የብር አዮንና ክሎራይድ ተያይዘው ነው። የጨው ሶዲየምና የብሩ ናይትሬት ግን እንደ መጡ ውሃው ውስጥ ቀሩ። ተመልካች ስለሆኑ ከተጣራው እኩልታ፣ የተጣመሩት ብቻ ከሚጻፉበት፣ ይሰረዛሉ።

እኅቴ አልሰርዝም አለች።

«መጥተው፣ እስከ መጨረሻው ቆመው? በእኛ ቤት ሠርግ የመጣ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል እንዴ?»

«ነጥብ ይቀነስብሻል» አለቻት ዳፍና።

«ይቀነስ።»

ተቀነሰ፤ ወደቀች።

ከዚያ የአክስታችን ልጅ ሳፒር አገባች። ቀለበቱ ገብቶ ጭፈራው ሲደምቅ እኅቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«አጎታችንን ተመልከቺ።»

አጎታችን ቢራራ እስክስታ እየመቱ ሸሚዛቸው ርሷል።

«ምን ሆኑ?»

«ሶዲየም እሳቸው ናቸው። ሲጨፍሩ አምሽተው እንደ መጡ ይሄዳሉ። የተጋቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«እና አልመጡም ልትዪ ነው?»

«ፎቶው ላይማ አሉ። ሙሉው እኩልታ ፎቶው ነው፤ የተጣራው ጋብቻው።»

አጎታችን ጆሯቸው ቀጭን ነው። «ማን ነው ሶዲየም?»

«ጨው ነው አጎቴ። ያለ እርስዎ ድግሱ አይጥምም።»

ፈተናው ላይ ባሪየም ክሎራይድና ሶዲየም ሰልፌት መጡ። ባሪየሙን ለሰልፌቱ ዳረችው፤ ሶዲየምንና ክሎራይድን «ስለ መጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሰረዘቻቸው። ዛሬ ውጤቱ በስልኳ ሲገባ፣ «ቤሰደር፣ እሺ በቃ፣ ነርስ ልሆን ነው» አለችኝና አለቀሰች።

እናታችን ያሉት ቤኤር ያዕቆብ ከተማ ነው፤ ስልክ አይሰሙም። አውቶቡሱ መጣ። ያላ፣ የምሥራቹን ለመንገር አጎታችን ሳይቀድሙኝ ልሩጥ።