ጉራዬን በጉርሻ ያስቆሙኝ ለነበሩት እትዬ

በስደት በምንኖርበት ሰፈር፣ በጄን ኤንድ ፊንች፣ አረንጓዴ ሙዝ ቀቅሎ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር እንደ እኔ የሚሠራ ሐበሻ የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ ጃማይካዊት ጎረቤቴ ስትሠራ አንዴ አይቼ ያዝኩት። ይህን ማውራት ስጀምር፣ ያሳደጉኝ ታላቅ እህቴ እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ይከቱና «እንካ አንተ ጉረኛ፣ አሁን አላምጥ!» ይሉኝ ነበር።

በመጨረሻው ሳምንታቸው ሙዙንና ዓሣውን ሠርቼ ሆስፒታል ይዤላቸው ሄድኩ። መብላት ትተው ነበር። ሳህኑን ወደ እጃቸው አስጠግቼ፣ «እትዬ፣ ጃማይካዊቷም እኮ እኔ ጋ አትደርስም» አልኳቸው። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ እጃቸው ግን ከአንሶላው አልተነሳም። እንዲያስቆሙኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ሙዙ፣ ስለ እጄ ሙያ ለፈለፍኩ። የሚያቋርጠኝ አጥቼ ጉራዬን እስከ መጨረሻው ተናግሬ ጨረስኩ።