የሙሽራዋ አባት አሜን

በዘጠናዎቹ ማብቂያ፣ ሁስቢ በምትባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሰርግ በኢንተርኔት በቀጥታ ላስተላልፍ ብላ ተነሳች። የሙሽራዋ አባት ቪዛ ተከልክለው አዲስ አበባ ቀርተዋል፤ የልጃቸውን ቃል ኪዳን በኮምፒውተር ሰምተው በስልክ ሊመርቁ ነው። እኔ ጎረቤት ሰፈር ሺስታ ኮምፒውተር ጥገና እሠራ ስለነበር ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። እንደ ልማዳችንም በላዬ ላይ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ጸልዮ በሙሉ ድምፅ ቪዲዮ መረጠ። አዲስ አበባ ያለው የስልክ መስመር ያንን ሁሉ ምስል እንደማይሸከም ብናገር ማን ሰምቶ! "ሰርግ እኮ የሚታይ ነው!" አሉኝ ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። እጅ በማውጣት የሚሰፋ መስመር የለም ልላቸው ምላሴ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

በሙከራው ቀን አባትየው ዘመዳቸው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። እዚያ ያለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም አሮጌ ነበርና አዲሱን ፎርማት አልከፍትም አለ። ለአሮጌው እንዲስማማ ቀይሬ ብልክ፣ የሰብሳቢያችን ግማሽ ጢም ብቅ ብሎ እዚያው ደርቆ ቀረ። ድምፁም ይቆራረጣል።

"ልጄ" አሉኝ አባትየው በስልክ፣ "እኚህን ሰውዬ አሟቸዋል እንዴ?"

ንድድ አለኝ። ቪዲዮውን አጥፍቼ ለንግግር ብቻ የተሠራውን ቀላሉን የድምፅ ፎርማት መረጥኩ። መዘምራኑ አኮረፉ፤ በርሜል ውስጥ ገብተው የሚዘምሩ አስመስሏቸው ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ኮሚቴው እንደገና ልሰብሰብ ሲል ሙሽራዋ ቆረጠችው፦ "ቀሚሴን በፎቶ ያየዋል። ቃሌን ግን በጆሮው ይስማ።"

በሰርጉ ቀን ቃል ኪዳኑ ጥርት ብሎ ደረሳቸው። ስልኩን ማይክሮፎኑ አጠገብ አድርገንላቸው መረቁ። "ውለዱ፣ ክበዱ!" አሜን። "ቤታችሁ የእንግዳ ማረፊያ ይሁን!" አሜን። መዝሙር ልንጀምር ስንል ግን "ዝም በሉ እንጂ! ሌላ አባት እየመረቁ ነው" አሉን።

ተያየን። ማንም አይመርቅም። ስርጭቱ አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ እንደሚደርሳቸው መንገር ረስቼ ኖሮ፣ የገዛ ምርቃታቸው ዞሮ እየደረሳቸው ነበር። እሳቸው በሙሉ ልብ "አሜን!" ይላሉ። ሽማግሌ አሜን ሲል ዝም አይባልምና አዳራሹም "አሜን!" ይላል። ያም አሜን ከደቂቃ በኋላ ሲደርሳቸው በአዲስ አሜን ይቀበሉታል።

"በቃ፣ አስቁመው!" አሉኝ ሰብሳቢው እያፈጠጡ። "አዳራሹን የተከራየነው እስከ አስር ሰዓት ነው!"

ያኔ የአባትየው ድምፅ በስልኩ ለስለስ ብሎ መጣ። "እኚያ የመረቁት ሽማግሌ ማን ናቸው? ድምፃቸው ቁርጥ የሟቹን አባቴን። ልጄን እሱ የመረቀልኝ ያህል ነው የተሰማኝ።"

ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳያማክሩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና "የእኛው አባት ናቸው። ምስጋናዎን አደርሳለሁ" አሉ።

እኔ ደቂቃዋ ትዝ አለችኝ። በወንበሮች መሃል ሮጬ፣ ጥያቄያቸው በዚያው በአባታቸው ድምፅ ተመልሶ ሳይደርሳቸው የስርጭቱን ገመድ ነቀልኩት።