የጋሼ አብዱልሰመድ ጨጓራ

ብርዱ ሲጠና እግሬን የማፍታታው እዚህ አሜሪካ፣ ፖላሪስ የሚባል ሰፈር ያለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ፣ ሞሉ ውስጥ ነው። በቀደም አንድ ጠና ያሉ ሐበሻ የልጆች ጫማ መሸጫ ፊት ቆመው አየሁ። አልንቀሳቀስ አሉ። እኔ ደግሞ የአገር ሰው አይቼ ሳላናግር ማለፍ አልችልበትም፤ ጠጋ ብዬ፣

«ለልጅ ልጅ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የልጅ ልጅ የለኝም» አሉ ዞር ሳይሉ። ግንባራቸውን አልቧቸዋል፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። «ትንፋሼ እስኪመለስ የማየው ነገር ፈልጌ ነው። ዝም ብሎ የተገተረ ሽማግሌ ሲያዩ ሴኪዩሪቲ ይጠራሉ።»

አምቡላንስ ልጥራ ብዬ ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ቁጭ ስል ይለቀኛል፤ አታዋርጂኝ!»

ቁጭ አልን። እውነትም ለቀቃቸው፤ ወሬም መጣ።

አብዱልሰመድ ይባላሉ፣ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። እዚሁ አቅራቢያ ዌስተርቪል የምትባል ከተማ ከባለቤታቸው ከሐቢባና ከልጃቸው ከሰልሳቢል ጋር ይኖራሉ። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ ሥራቸው ትልቁን ትራክ ከስቴት ስቴት መንዳት ነው። ዓምና ጭነት ሲያስሩ ደረታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸው፣ ሲያርፉ ይተዋቸው ጀመር።

«ጨጓራ ነው አልን» አሉኝ። «እኛ ዘንድ ጨጓራ ያልሆነ ምን በሽታ አለ? ሐቢባ ተልባ በጠርሙስ ትሞላልኛለች፣ እኔ እየጠጣሁ እነዳለሁ። በርበሬውን ተውኩ፤ ሲጋራውን ግን ማን ነክቶት!»

ያነቃቸው ወልደየሱስ ነው፤ አንድ ትራክ እየተፈራረቁ የሚነዱት ጓደኛቸው። አንድ ቀን ጠዋት አፉ ወደ ጎን ሄደ፣ ምላሱ ተያዘ። «ብርድ መታው ብለን ፊቱን በሻርፕ ጠቅልለን አስተኛነው» አሉ ጋሼ። «ለካ ስትሮክ ነው። ወዲያው ብታመጡት መድኃኒት ነበረው አሉን ሐኪሞቹ። ዛሬ የምታጎርሰው ሚስቱ ናት።»

ደንግጠው ሲመረመሩ የእሳቸውም ጨጓራ አልነበረም። ዶክተሩ ልብን የሚያጠጣው የደም ሥር በስብ ጠቧል አላቸው፤ ልብ ሥራ ሲበዛበት ደም ያንሰዋል፣ ያኔ ይጮኻል። የወልደየሱስ ደግሞ የአንጎሉ ሥር ነው የተደፈነው። «በሽታው አንድ፣ የገባበት ቤት ሁለት» አሉ።

መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ሰኞ መራመጃው ማሽን፣ ትሬድሚል ላይ ወጥተው ይፈተናሉ፤ ካላለፉ የመንዳት ፈቃዱ አይታደስም።

«እዚህ የምመጣው ለጤና መስሎሻል? ልምምድ ነው። ሳይታወቅብኝ ፓስ ላደርግ።»

«ሰሞኑን ብሶብዎታል አይደል?»

ደረታቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ።

«ለዶክተሩስ ነግረዋል?»

«ብነግረው ከትራኩ ያወርደኛል። ባልነግረው፣ መሪ ላይ እያለሁ ቢይዘኝ፣ ፊት ለፊቴ ባለችው መኪና ውስጥ የማን ልጅ እንደተቀመጠ አላውቅም። ብሄድ ገደል፣ ብመለስ ገደል ሆነብኝ።»

ይህን እያሉኝ ልጃቸው ሰልሳቢል ልትወስዳቸው መጣች።

«አባ፣ ዲድ ዩ ስቶፕ?»

«ኖ!» አሉ ጋሼ፣ ፈጠን ብለው።

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። «ሲራመድ ቆሞ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

የጋሼ ዓይን ለመነኝ። አዎ ብል ሥራቸውን ላሳጣቸው ነው፤ አይ ብል ልገድላቸው።

«ተያት፣ አታስጨንቂያት» አሉ በመጨረሻ። «ቆሜያለሁ። ደረቴን ይዞኝ ነው። ትናንትም ይዞኛል፤ ከትናንት ወዲያም።»

ሰልሳቢል አልጮኸችም። እዚያው ቆማ ዶክተሩ ጋ ኮል አደረገች፤ ሰኞን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ውሰጂው አላት። ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ጋሼ ጥቂት ሄደው ቆም አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ፣ ያውርዱኝ። ግን ሳሎናችንን አላየሽውም እህቴ፤ ቁጭ ስትዪ በመስኮቱ የሚታይሽ የጎረቤት ጋራዥ በር ብቻ ነው።»