የሰይድ ግራ እጅ

ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ካለች አሳ ቤት ተቀምጬ የተጠበሰ ቀረሶ ስጠብቅ፣ አጠገቤ የነበረ የስፖርት ኃላፊ ታዳጊዎቻችን ለሆኪ ውድድር ውጭ አገር ሊሄዱ ነው እያለ ደረቱን ነፋ። «ልምድ ቀስመው ይመለሳሉ» ሲል አሳውን ሳልቀምስ ተነስቼ ወጣሁ።

ልምድ ቀስሞ የተመለሰ ልጅ እኔም አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሰይድ፣ አብሮ አደጌ፣ ግራኝ ነበር። ገና ሲደርስ፣ ሰብሉ ከተነሳበት ማሳ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ተደባልቀን፣ በእሳት ለብልበን ያጎበጥነውን የወይራ ዱላ ይዘን ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ ስናሳድድ፣ በአቧራው ውስጥ ማን ከማን እንደሆነ ሳይለይ ሩሯ በሰይድ ግራ በኩል ተስፈንጥራ ትወጣለች፤ ቅልጥሙን የተመታው ሁሉ እያነከሰ ይስቃል። በዱላው ፊትም በጀርባውም ይመታ ነበር፤ ማን ከልካይ አለው!

ከከተማ የመጡ አሰልጣኞች አይተውት በደስታ አበዱና ለታዳጊዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ይዘውት ሄዱ። እኛም አብረን አብደን መኪናውን እስከ አስፋልቱ ድረስ በሩጫ ሸኘነው። እዚያ ግን የሆኪ ዱላ የሚመታው በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ለግራኝ የተሠራም የለም። ሰይድ ኳሷን በነካ ቁጥር ፊሽካ ይነፋበታል። ግራ የለመደን በሬ በቀኝ እንደ መጥመድ፣ ለውድድሩ ይድረስ ብለው በጥድፊያ ቀኝ እጁን ሊያስለምዱት ታገሉ፤ አልሆን ሲላቸው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጎልተውት ሰነበቱና ቱታ አልብሰው መለሱት። እድገት የሚሉት ይህንን ነው። ምን እንዳስተማሩት እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በተከታዩ ገና ሩሯ ራሷ እግሩ ሥር መጣችለት። ዱላውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያዛውር ነጥቀውት አገቡ። ዞር ብሎ «ወላሂ፣ እጄ ጠፋብኝ» አለኝ።

በእኛ ዘንድ በገና የተሸነፈ ይሰደባል፤ ከነዘር ማንዘሩ በግጥም ይብጠለጠላል፤ የሚቆጣም የለም፣ ስድቡ ራሱ የጨዋታው ግማሽ ነው። ያን ቀን ግን አሸናፊዎቹ ሰይድን አዩና ዝም አሉ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዛሬ ሁለታችንም ሸብተናል፤ እንደዚያ የሚጫወት ልጅ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ እሱም ሜዳ ረግጦ አያውቅም። እንደ ወጋችን ሰድበውት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይመለስ ነበር።